በሌላ ስቴት የቀረ የቆየ ዲዩአይ (ጠጥቶ የመንዳት ጥፋት) መንጃ ፈቃድ ሲይዝብዎ

ፈተናውን አልፈው፣ ገንዘቡን ሊከፍሉ መስኮቱ ጋ ቆመው፣ የዲኤምቪዋ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አይታ «ሌላ ስቴት ውስጥ ያልተዘጋ ነገር አለብዎት፤ እዚያ ጨርሰው ይመለሱ» ካለችዎ፣ ነገሩ አሥር ዓመት ይሁነው ሃያ ለውጥ የለውም። ብዙ ሰው «ቅጣቱን ከፍያለሁ፣ የእገዳው ጊዜም አልፏል፣ ከዚህ በኋላ ምን ቀረ?» ይላል። የቀረው ትልቁ ነገር ነው። ጊዜው ማለፉ ፈቃዱን እንዲያስመልሱ በር ይከፍትልዎታል እንጂ በራሱ አያስመልስልዎትም። እገዳውን የጣለው ስቴት መዝገቡ ላይ «ተነሥቷል» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ እገዳው እንዳለ ነው። አሁን ያሉበት ስቴት ደግሞ ያንን ሊያነሣልዎ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው እዚህ ሳይሆን ጥፋቱ የተፈጸመበት ስቴት ነው።

አዲሱ ስቴት እንዴት አወቀ?

ናሽናል ድራይቨር ሬጅስተር የሚባል የፌዴራል መዝገብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው። ሃምሳዎቹም ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ መንጃ ፈቃዱን ያገዱበትን፣ የሰረዙበትን ወይም የከለከሉትን ሰው ስም ወደዚያ ይልካሉ፤ አዲስ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊትም እዚያ ይፈትሻሉ። መዝገቡ ግን ታሪክዎን አልያዘም። ስም፣ የልደት ቀን፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና ሌላ መለያ ብቻ ይዞ «ዝርዝሩ እዚህ ስቴት ነው» ብሎ ይጠቁማል። በዚህ ምክንያት ለፌዴራል መዝገቡ «ስሜን አውጡልኝ» ብሎ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ስምዎን ማውጣት የሚችለው ያስገባው ስቴት ብቻ ነው።

ጆርጂያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሚሺጋን፣ ቴነሲና ዊስኮንሲን ስቴቶቹ እርስ በርስ የጥፋት መረጃ የሚለዋወጡበት ስምምነት አባል አይደሉም። ከዚህ ተነሥቶ «የጆርጂያው አይከተልህም» የሚል ወሬ ሲዞር ይሰማል። አይመኑት፤ የፌዴራሉ መዝገብ አምስቱንም ይሸፍናል።

በዚያ ስቴት መንጃ ፈቃድ ኖሮዎት የማያውቅ ከሆነም አያድንም። ለጉብኝት ወይም ለሥራ ሄደው ተይዘው ከሆነ፣ ስቴቱ የሚያግደው በእሱ መንገድ ላይ የመንዳት መብትዎን ነው፤ ለዚያም በስምዎ አዲስ መዝገብ ይከፍታል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዞ ወይም ኢንተርናሽናል ፈቃድ አውጥቶ መንዳትም መፍትሔ አይደለም። መብቱ የታገደበት ስቴት ውስጥ የማንም አገር ፈቃድ አይሠራም።

ማን እንደያዘዎት በትክክል ይወቁ

ዲኤምቪ ሲከለክልዎ የትኛው ስቴት እንደያዘዎት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ከአንድ በላይ ስቴት ኖረው ወይም ሠርተው ከሆነ ግን በዚያ ብቻ አይቁሙ፤ አንዱን ጨርሰው ሁለተኛው ብቅ እንዳይልብዎ የፌዴራል መዝገቡን ራስዎ ይጠይቁ። አገልግሎቱ በነፃ ነው። በደብዳቤ ሙሉ ስምዎን፣ የልደት ቀንዎን፣ ጾታ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የዓይን ቀለም፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና የሰጠውን ስቴት ጽፈው፣ ፊርማዎን ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ፈርመው ይላኩ። አድራሻው ናሽናል ድራይቨር ሬጅስተር፣ 1200 ኒው ጀርሲ አቬኑ ሳውዝ ኢስት፣ ዋሽንግተን ዲሲ 20590 ነው። ኖተሪ ብዙ ባንኮች ለደንበኞቻቸው በነፃ ይሠራሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ከተጻፈ ግን ከሌላ ሰው ጋር መምታታትን ይቀንሳል።

መምታታት ካልን፣ የእኛን ሰው ከማንም በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። አንድ ሰው ከአገር ሲመጣ የአባቱ ስም «የቤተሰብ ስም» ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ የአባት ስም መሐል ገብቶ የአያት ስም መጨረሻ ይቀመጣል። «ኃይሌ» በላቲን ፊደል ሁለትና ሦስት ዓይነት ይጻፋል። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ተወስዶ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል፤ ካልሆነም ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። ከዚህ ሁለት ችግር ይወለዳል። አንደኛው፣ ወደ ቀድሞው ስቴት ሲደውሉ «በዚህ ስም ምንም የለም» ይሉዎታል፤ እርስዎም ነፃ ነኝ ብለው ይሄዳሉ፤ መዝገቡ ግን በሌላው አጻጻፍ ተቀምጧል። ሁለተኛው፣ የሌላ ሰው ጥፋት እርስዎ ላይ ይለጠፋል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ፣ እስካሁን የተጠቀሙባቸውን የስም አጻጻፎች በሙሉ፣ የድሮ አድራሻዎችንና የድሮ ፈቃድ ቁጥሩን በአንድ ገጽ ዘርዝሮ መላክ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ የቀድሞው ስቴት «ይህ አመልካች በመዝገባችን ያለው ሰው አይደለም» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ማድረግ ነው፤ የመታወቂያና የፓስፖርት ቅጂ አብሮ ይሂድ። ዜግነት ሲወስዱ ስም ቀይረው ከሆነ የለወጡበትን ሰነድ አያይዙ።

ደብዳቤውን ማንበብ

ከቀድሞው ስቴት ሁለት ነገር ያዝዙ፤ የተሟላ የመንጃ ሪኮርድዎን፣ እና ፈቃዱን ለማስመለስ ምን ምን እንደሚቀርዎ የሚዘረዝር ደብዳቤ። ለኢንሹራንስ የሚሰጠው የሦስት ዓመት ሪኮርድ አይበቃዎትም፤ ሙሉውን ይጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ በየስቴቱ ስሙ ይለያያል። በሜሪላንድ ኤምቪኤ፣ በማሳቹሴትስ አርኤምቪ፣ በቴክሳስ ዲፒኤስ፣ በጆርጂያ ዲዲኤስ፣ በኦሃዮ ቢኤምቪ ይባላል፤ በኢሊኖይና በሚሺጋን ደግሞ በሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ሥር ነው። ወደ ተሳሳተ ቢሮ የተላከ ደብዳቤ ሳይመለስ ወር ይበላል።

ደብዳቤው ሲደርስ ሁለት ቀኖችን ይፈልጉ። አንደኛው እገዳው የጀመረበት ነው። ሁለተኛው «ለማስመለስ ብቁ የሚሆኑበት» ቀን ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ብቁ የሚሆኑበት ቀን 2009» የሚል ሲያነብ በ2009 የተመለሰለት ይመስለዋል። ብቁ መሆን ማለት ማመልከት ይችላሉ ማለት ብቻ ነው። በቀኑ ቦታ «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚል ካለ ደግሞ፣ አንድ ያልተሟላ ግዴታ አለ ማለት ነው፤ ያ እስኪሟላ ቆጠራ የለም።

እገዳና ስረዛም አንድ አይደሉም። የታገደ ፈቃድ ተኝቷል፤ ግዴታው ሲሟላ ይነሣል። የተሰረዘ ፈቃድ ሞቷል፤ እንደ አዲስ ማመልከት፣ አንዳንድ ቦታም ችሎት ቀርቦ ማሳመን ይጠይቃል። ደብዳቤው የትኛውን ቃል እንደተጠቀመ ያስምሩበት።

ሌላው የማይታይ ወጥመድ፣ በአንድ ምሽት ጥፋት ሁለት እገዳ መኖሩ ነው። ፍርድ ቤቱ ለጥፋተኝነቱ ያግዳል። ዲኤምቪው ደግሞ ለአልኮል ምርመራ ትንፋሽ ለመስጠት እምቢ በማለትዎ ወይም የአልኮሉ መጠን 0.08 በመድረሱ በራሱ አስተዳደራዊ ውሳኔ ያግዳል። ክሱ ፍርድ ቤት ቢዘጋ ወይም ዝቅ ብሎ ቢለወጥ እንኳ፣ የአስተዳደሩ እገዳ ከነክፍያው ሊቆይ ይችላል። «ጠበቃዬ ዘግቶልኝ ነበር» የሚሉ ሰዎች ዓመታት ቆይተው የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ነው። በደብዳቤው ላይ እያንዳንዱ እገዳ የየራሱ መስመር አለው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ይቁጠሩ።

ስልክ ከማንሣትዎ በፊት፣ የእስር ማዘዣ

ቀጠሮ ቀርተው፣ ፕሮቤሽን (ፍርድ ቤት የሚጥለውን የክትትል ጊዜ) ሳይጨርሱ ወይም ቅጣት ሳይከፍሉ ከስቴቱ ከወጡ፣ የእስር ማዘዣ ወጥቶብዎት ሊሆን ይችላል። ማዘዣው አያረጅም፤ ራሱን አይሰርዝም። ይህ ጥርጣሬ ካለ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ ከመሄድ በፊት በዚያው ካውንቲ የሚሠራ የወንጀል ጠበቃ ያነጋግሩ። ለቀላል የዲዩአይ ጉዳይ ጠበቃው ብዙ ጊዜ እርስዎ ሳይቀርቡ ማዘዣውን ሊያስነሣ ማመልከት ይችላል። ዜጋ ካልሆኑ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አብሮ ይየው፤ የተዘጋ ጉዳይ መልሶ መክፈትም ሆነ አዲስ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት የማይታሰብ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል።

ማዘዣ ከሌለ፣ ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የውሳኔውን ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዝዙ። ፋይሉ ረጅም ጊዜ በማለፉ ተወግዶ ከሆነ፣ «ፈልገን አላገኘንም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጠይቁ፤ እሱም ሰነድ ነው። ይህን ወረቀት ሁለት ሦስት ቅጂ ያስወጡ፤ ከመንጃ ፈቃድ ውጭም ይፈለጋል።

ትምህርቱና ምርመራው

አብዛኛው ስቴት የአልኮል ትምህርት ወይም የባለሙያ ምርመራ ይጠይቃል። ጆርጂያ ለምሳሌ የ20 ሰዓት ኮርስ አላት። ቨርጂኒያ ቫሳፕ በሚባለው ፕሮግራም ታስተናግዳለች። ጥያቄው፣ ሌላ ስቴት ቁጭ ብለው የሚማሩት ትምህርት እዚያ ይያዛል ወይ ነው። መልሱን ሳያገኙ ገንዘብ አይክፈሉ። ሊመዘገቡበት ያሰቡትን ተቋም ስምና ፈቃድ፣ የሰዓቱን ብዛት ለቀድሞው ስቴት ልከው «ይህ ይያዝልኛል?» ብለው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። በስልክ የተባለ «አዎ» መስኮቱ ላይ ዋጋ የለውም።

በኢንተርኔት የሚሰጥ ርካሽ ኮርስ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን አጥቷል። የምስክር ወረቀቱ ያማረ ነው፤ ስቴቱ ግን አይቀበለውም። ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ምርመራውን ከሁሉ በፊት ማስደረግ ነው። አንዳንድ ስቴቶች ከስድስት ወር በላይ የቆየ ምርመራ አይቀበሉም፤ ሌሎቹ ወረቀቶች እስኪሟሉ ያረጅና ሁለተኛ ይከፍሉበታል። መጨረሻ አካባቢ ያድርጉት።

በምርመራው ጊዜ ስለ መጠጥ ልማድዎ የሚሰጡት መልስ ከድሮው የፍርድ ቤት ወረቀት ጋር ይነጻጸራል። በ2008 የተወሰደው የትንፋሽ መጠን 0.17 እያለ «ሁለት ቢራ ነበር» ማለት ተአማኒነትዎን ይጎዳል፤ ማመልከቻ ውድቅ ከሚደረግባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው አለመጣጣም ነው። በእኛ ዘንድ ስለ መጠጥ ለማያውቁት ሰው በግልጽ መናገር ይከብዳል፤ ነገር ግን መርማሪው የሚፈልገው እውነቱንና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ነው።

ኤስአር-22 እና ኤፍአር-44

ኤስአር-22 ኢንሹራንስ አይደለም። የኢንሹራንስ ድርጅቱ «ይህ ሰው ሽፋን አለው» ብሎ ለስቴቱ በቀጥታ የሚልከው ማረጋገጫ ነው። ብዙ ቦታ ለሦስት ዓመት ይፈለጋል። ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ለዲዩአይ ከዚህ የከበደውን ኤፍአር-44 ይጠይቃሉ። በፍሎሪዳ መጠኑ ለአንድ ሰው ጉዳት 100,000፣ ለአንድ አደጋ 300,000፣ ለንብረት 50,000 ዶላር ነው፤ በቨርጂኒያ የስቴቱ ዝቅተኛ ሽፋን እጥፍ ነው።

መኪና ከሌለዎት «ኖን-ኦውነር» የሚባለውን ፖሊሲ ይጠይቁ፤ መኪና የሌለው ሰው የሰው መኪና ሲነዳ የሚሸፍን ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል። ድርጅቱ ግን ማረጋገጫውን በቀድሞው ስቴት የማስገባት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ለወኪሉ «ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ፋይል የሚደረገው ግን ፍሎሪዳ ነው» ብለው በግልጽ ይንገሩት። አለበለዚያ በሚኖሩበት ስቴት ያስገባና ቀድሞው ስቴት ምንም ሳይደርሰው ይቀራል። ለነዋሪ ላልሆነ ሰው ይህን ግዴታ የሚያነሡ ስቴቶችም ስላሉ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

ክፍያ አንድ ወር ቢያልፍ ድርጅቱ ለስቴቱ ያሳውቃል፤ እገዳውም ይመለሳል። አንዳንድ ቦታ ሦስት ዓመቱ ከመጀመሪያ ይቆጠራል። ስለዚህ ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ ማድረግ ይሻላል።

መኪና ላይ የሚገጠመው መሣሪያ

ትንፋሽ ካልሰጡት ሞተር የማያስነሣው ኢግኒሽን ኢንተርሎክ ለቆየ ጥፋትም ሊጠየቅ ይችላል። መኪና ከሌለዎት ወይም ከስቴቱ ውጭ ከሆኑ ነፃ የሚያደርግ ቅጽ መኖሩን መጀመሪያ ይጠይቁ። ከተገጠመ፣ አብዛኛውን ጊዜ 0.02 ገደማ ላይ ይቆልፋል፤ በጉዞ መሐልም ድንገት ጮኾ እንዲነፉ ያዝዛል። በየ30 ወይም በየ60 ቀኑ ወስደው ያስተካክሉታል፤ ቀጠሮ ማለፍ ራሱ ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ተጠቅመው ወዲያው ቢነፉ ይመዘግብብዎታል። በውኃ ተጉመጥምጠው 15 ደቂቃ ቆይተው ይንፉ። መኪናውን ሌላ የቤተሰብ ሰው የሚነዳው ከሆነም የሚመዘገበው በእርስዎ ስም ነው።

የየስቴቱ ጠባይ

ካሊፎርኒያ፦ በሌላ ስቴት ለሚኖር ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መፍትሔ አላት፤ 1650 ዌቨር ይባላል። የግዴታ እገዳው ጊዜ ካለፈ፣ የሌላ ስቴት ነዋሪ መሆንዎን አስረድተው፣ የዲዩአይ ትምህርቱን ሳይጨርሱ እገዳው እንዲያበቃ ያመለክታሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ተመልሰው የካሊፎርኒያ ፈቃድ ቢጠይቁ ግን ትምህርቱ ይጠብቅዎታል። ወደዚያ የመመለስ ሐሳብ ያለው ሰው ይህን ዕድል አይቸኩልበት።

ፔንሲልቬንያ፦ የእገዳው ቆጠራ የሚጀምረው ፈቃዱን ሲያስረክቡ ወይም የእገዳ ማሳወቂያ ቅጽ ፈርመው ሲልኩ ነው። ፈቃዱን በኪስ ይዞ የወጣ ሰው ለአሥር ዓመት ባይነዳም አንድ ቀን ላይቆጠርለት ይችላል። የሚያስለቅስ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት ወይም የጠፋ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ካለ አቅርበው እንዲቆጠርልዎ ይጠይቁ።

ኢሊኖይና ሚሺጋን፦ የተሰረዘ ፈቃድ በጊዜ ብዛት አይመለስም፤ ችሎት ያስፈልጋል። ከስቴቱ ውጭ የሚኖር ሰው በፖስታ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ሚሺጋን ቢያንስ ሦስት፣ ቢበዛ ስድስት የምስክር ደብዳቤ፣ የባለሙያ ምርመራና የሽንት ምርመራ ትጠይቃለች። ደብዳቤዎቹን የሚጽፉት ሰዎች «ጥሩ ሰው ነው» ብለው ቢያበቁ ምንም አይጠቅምም። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁዎት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያዩዎት፣ መጨረሻ ሲጠጡ ያዩበትን ጊዜ ይጻፉ። ሁሉም በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ የሚመስል ከሆነም ይጣላል። አማርኛ ብቻ የሚጽፍ ሽማግሌ ካለ፣ በራሱ ቋንቋ ጽፎ የተረጋገጠ ትርጉም ቢያያዝ ይሻላል።

ኒው ዮርክ፦ ከፍርድ ቤቱ ቅጣት ሌላ በዓመት 250 ዶላር ለሦስት ዓመት፣ በድምሩ 750 ዶላር ታስከፍላለች። ሂሳቡ ወደ ድሮ አድራሻ ሄዶ ስለሚቀር ከስቴቱ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ቴክሳስ፦ በየዓመቱ ይከፈል የነበረው ተጨማሪ የቅጣት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ተሰርዟል፤ ያልተከፈለው ዕዳም ቀርቷል። በዚያ ዕዳ ብዛት ተስፋ ቆርጦ የተወው ሰው ዛሬ እንደገና ይጠይቅ። ቨርጂኒያም ከጁላይ 2020 ጀምሮ የፍርድ ቤት ዕዳ ባለመክፈል ብቻ ማገድ ትታለች፤ የዲዩአዩ እገዳ ግን አይነካም።

ማሳቹሴትስ የድሮ ጥፋትን ለመቁጠር የጊዜ ገደብ የላትም። የሌላ ስቴት ዲዩአይ እዚያው እንደተፈጸመ ትቆጥራለች። ወደዚያ የሚዛወር ሰው የቀድሞው ስቴት ቢያጸዳለትም የራሷን ጥያቄ ልታስከትል እንደምትችል ይወቅ።

አንድ ጠባብ መንገድም አለ። ስቴቶቹ የተፈራረሙት ስምምነት፣ ፈቃዱ ከተሰረዘ አንድ ዓመት ካለፈ፣ ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ አዲሱ ስቴት መርምሮ ሊሰጥ እንደሚችል ይላል። የሚሠሩበት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚመለከተውም ስረዛን እንጂ እገዳን አይደለም። የቀድሞው ስቴት በር ፈጽሞ ከተዘጋብዎ በሚኖሩበት ስቴት ያለውን የችሎት ክፍል በዚህ አንቀጽ መጠየቅ ይችላሉ።

ከፍለው ሲጨርሱ

የማስመለሻ ክፍያውን ከከፈሉ በኋላ ክሊራንስ ሌተር ይጠይቁ፤ በዚያ ስቴት እገዳ እንደሌለብዎ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ነው። በዚያው ቀን ወደ ዲኤምቪ አይሩጡ። የቀድሞው ስቴት የፌዴራል መዝገቡን እስኪያርም ቀናት ይወስዳል፤ ሠራተኛዋ የምታምነው ደግሞ ኮምፒውተሩን ነው። ብዙ ሳምንት አሳልፎ መሄድም አይበጅም፤ የቆየ ደብዳቤ የማይቀበሉ አሉ።

ሲሄዱ ክሊራንሱን በዋናው፣ የክፍያውን ደረሰኝ፣ ማኅተም ያለበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የትምህርት ምስክር ወረቀቱን፣ ከተጠየቀም የኤስአር-22 ቅጂውን ይያዙ። ፈቃድዎ ካለቀ ብዙ ዓመት ከሆነ የጽሑፍና የመንገድ ፈተና እንደ አዲስ ይወስዳሉ። ማመልከቻው ላይ «በሌላ ስቴት ታግዶብህ ያውቃል?» የሚለውን በእውነት ይመልሱ፤ ሐሰት መጻፍ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ኮምፒውተሩም መልሱን አስቀድሞ ያውቃል።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አይንዱ። በዲዩአይ ታግዶ እያለ መንዳት ብዙ ቦታ እስር ያስከትላል፤ በካሊፎርኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ትንሹ 10 ቀን ነው። ለሥራ ብቻ የሚያስነዳ ውስን ፈቃድም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው እገዳውን የጣለው ስቴት እንጂ የሚኖሩበት አይደለም።

ግሪን ካርድ ላለው፣ ትራክ ለሚነዳ

አንድ ቀላል ዲዩአይ ብቻውን በአብዛኛው ከአገር አያስወጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የፍሎሪዳ ዲዩአይን «የኃይል ወንጀል» አይደለም ብሏል። ነገር ግን ፈቃዱ እንደታገደ እያወቀ ጠጥቶ የነዳ ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1999 ይህን የሥነ ምግባር ብልሹነት ያለበት ወንጀል ብሎ ፈርዷል። ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ፣ በሚመረመረው ዓመታት ውስጥ ሁለት ዲዩአይ ካለ መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል፤ ይህ ከ2019 ወዲህ የመጣ ነው። በዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ላይ የድሮውን እስር፣ የተዘጋም ቢሆን ይጻፉ፤ ያ ማኅተም ያለበት የፍርድ ቤት ቅጂ እዚህም ይሠራል።

ሲዲኤል (ትራክና የመሳሰለውን የሚያስነዳ የንግድ መንጃ ፈቃድ) ላለው ሰው፣ በግል መኪናው እንኳ የመጀመሪያው ዲዩአይ ለአንድ ዓመት፣ አደገኛ ዕቃ ጭኖ ከነበረ ለሦስት ዓመት ይከለክላል። ሁለተኛው የዕድሜ ልክ ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ ስቴቱ ሊያነሣው ይችላል። ሁለቱ ጥፋቶች በተለያየ ስቴት ቢሆኑም ይደመራሉ። ተራውን ፈቃድ ማስመለስና ሲዲኤልን ማስመለስ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ስለሆኑ፣ ከቀድሞው ስቴት ደብዳቤ ሲጠይቁ ሁለቱንም በስም ጠርተው ይጠይቁ።

ፈቃዱን ካገኙ በኋላም ኤስአር-22 የሚያበቃበትን ቀን ከቀድሞው ስቴት በጽሑፍ ያግኙ። የኢንሹራንስ ወኪል «ሦስት ዓመት ሞልቷል፣ ላንሣው?» ሲልዎ፣ ሦስቱን ዓመት ከመቼ እንደቆጠረ ይጠይቁት። ስቴቱ የሚቆጥረው ማረጋገጫው ከገባበት ወይም ፈቃዱ ከተመለሰበት ቀን ሆኖ፣ ወኪሉ ከጥፋቱ ቀን ቆጥሮ ካነሣው፣ ያ ሁሉ የተለፋበት እገዳ በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል።